ፊኛን የሚያሳምመው የአንጀት ባክቴሪያ መድኃኒትን እንዴት ይቋቋማል?

የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ከሚያመጡ ባክቴሪያዎች መካከል አንዱ ሌሎቹን ሁሉ እጅግ ይበልጣል። ሙሉ ስሙ ኤሸሪሺያ ኮላይ ነው፤ በላቦራቶሪም በሐኪም ቤትም በአጭሩ ኢ. ኮላይ ይሉታል። ቴዎዶር ኤሸሪክ የተባለ የሕፃናት ሐኪም በ1885 ከሕፃናት ዓይነ ምድር ለይቶ ገልጾታል፤ መጠሪያውንም ያገኘው ከእሱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሌላ ተጓዳኝ ችግር በሌለባቸው ሰዎች ላይ ከሚከሰቱት የፊኛ ኢንፌክሽኖች ከአራቱ ሦስቱ ያህል የዚህ ባክቴሪያ ሥራ ናቸው። የቀሩትን እነ ክሌብሲየላ፣ ፕሮቲየስና ኢንቴሮኮከስ ይካፈሏቸዋል። እኛ እዚህ የምንከተለው ኢ. ኮላይን ነው፤ የእሱን ነገር በደንብ የያዘ ሰው የሌሎቹን ለመረዳት ብዙም አይቸገርም።

የኢ. ኮላይ መደበኛ መኖሪያ ትልቁ አንጀት ነው። በጤነኛ ሰው አንድ ግራም ዓይነ ምድር ውስጥ ከ10 ሚሊዮን እስከ 1 ቢሊዮን የሚደርስ ኢ. ኮላይ ሊገኝ ይችላል፤ እዚያው እስካለ ድረስ አብዛኛው ጉዳት የለውም። ችግሩ የሚጀምረው ከፊንጢጣ አካባቢ ተነሥቶ ወደ ሽንት መውጫ ሲሻገርና ከዚያ ወደ ፊኛ ሲዘልቅ ነው። የሴቶች የሽንት መውጫ ቱቦ ርዝመቱ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የወንዶቹ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። በሽታው ሴቶችን የሚያዘወትረው በዋነኛነት በዚህ ምክንያት ነው፤ ከሴቶች ግማሽ ያህሉን በሕይወት ዘመናቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ይይዛቸዋል። ሽንት ማቃጠል ሲነሣ «ብርድ ነው» የሚል ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም፤ ባክቴሪያው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከራስ አንጀት ነው።

ፊኛ የደረሰ ባክቴሪያ ከሽንት ጋር ታጥቦ መውጣት ነበረበት። ብዙውም እንዲያው ይወጣል። በሽታ የሚያመጡት ዘሮች ግን በአካላቸው ዙሪያ ፊምብሪያ የሚባሉ ቀጫጭን ፀጉር መሰል ዘንጎች አሏቸው። በዘንጉ ጫፍ ያለው ፕሮቲን በፊኛው ውስጠኛ ሽፋን ላይ የሚገኘውን ማኖስ የተባለ የስኳር ዓይነት ይጨብጣል፤ ሽንቱ ሲወርድ ባክቴሪያው ተጣብቆ ይቀራል። ይህን ልብ ይበሉልኝ፦ ፊኛ ውስጥ የምናክመው ባክቴሪያ ትናንት አንጀት ውስጥ ነበር። ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ መድኃኒቱ እንሂድ። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን የሚገድለው ወይም እንዳይራባ የሚያግደው አንድ የተወሰነ የአካሉን ክፍል መትቶ ነው፤ ያ ክፍል ዒላማ ይባላል። አሞክሳሲሊንና ሴፍትሪያክሶን የባክቴሪያውን ግድግዳ የሚገነቡትን ፕሮቲኖች ይይዛሉ፤ ግድግዳው ሳይገጠም ሲቀር ባክቴሪያው ይፈነዳል። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ኖርፍሎክሳሲን ጋይሬዝ የሚባለውን ኢንዛይም ይይዛሉ። ኢንዛይም ማለት በሕዋስ ውስጥ አንድን ኬሚካዊ ሥራ የሚያከናውን ፕሮቲን ሲሆን፣ የጋይሬዝ ሥራ የዘር መረጃ የተጻፈበት ዲ.ኤን.ኤ. ሲገለበጥ የሚፈጠረውን መጠማዘዝ ማላላት ነው። ኮትሪሞክሳዞል ደግሞ ባክቴሪያው ፎሌት የተባለውን ቪታሚን ለራሱ የሚሠራበትን መንገድ ሁለት ቦታ ላይ ይዘጋበታል። የሰው ሕዋስ እንዲህ ዓይነት ግድግዳ የለውም፤ ፎሌትንም ከምግብ ያገኛል እንጂ ራሱ አይሠራም። መድኃኒቶቹ ባክቴሪያውን እየመቱ እኛን የሚምሩን በዚህ ልዩነት ነው።

እንግዲህ መድኃኒቱ የሚሠራው ዒላማውን ስለሚይዝ ከሆነ፣ ዒላማው ቅርጹን ሲለውጥ መያዣው ይጠፋል። ቅርጹ እንዴት ይለወጣል? ኢ. ኮላይ ሁሉ ሲመቸው በየ20 ደቂቃው ለሁለት ይከፈላል። በተከፈለ ቁጥር 5 ሚሊዮን ያህል ፊደላት ያሉትን ዲ.ኤን.ኤ. ይገለብጣል። ግልበጣው እጅግ ጥንቁቅ ነው፤ አንድ ስሕተት የሚገባው ከሺህ መከፈሎች በአንዱ ገደማ ነው። ይህ ስሕተት ሚውቴሽን ይባላል። ከሺህ አንድ ትንሽ ይመስላል። ባክቴሪያው አንድ ቢሊዮን ሲደርስ ግን በመጨረሻው መከፈል ብቻ ግማሽ ሚሊዮን ያህል አዳዲስ ስሕተቶች ገብተዋል ማለት ነው። አብዛኞቹ ለውጥ አያመጡም፤ አንዳንዶቹ ባለቤታቸውን ይጎዳሉ። ከስንት አንድ ግን ስሕተቱ ጋይሬዝ ላይ ያርፋል። የጋይሬዝ አንዱ ክፍል 83ኛ ቦታው ላይ ሴሪን የተባለ አሚኖ አሲድ አለው፤ እሱ በሌላ ሲተካ ኢንዛይሙ ሥራውን ይቀጥላል፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን ግን እንደ ቀድሞው አጥብቆ አይይዘውም። አንድ ለውጥ የመድኃኒቱን ጉልበት ይቀንሳል፤ ሌሎች ሲደራረቡበት መድኃኒቱ ከነጭራሹ አይሠራም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ባክቴሪያው መድኃኒቱን ቀምሶ፣ ተለማምዶ፣ ራሱን ያስተካከለ ይመስላል። ሳልቫዶር ሉሪያና ማክስ ዴልብሩክ በ1943 ይህን በሙከራ ፈተኑት። የተጠቀሙት በመድኃኒት ሳይሆን ባክቴሪያን በሚገድል ቫይረስ ነበር፤ ጥያቄው ግን ያው ነው። ኢ. ኮላይን በብዙ ቱቦዎች ለየብቻ አራቡና የእያንዳንዱን ቱቦ ይዘት ቫይረስ ባለበት ሳህን ላይ ዘረጉት። ባክቴሪያው የሚለወጠው ቫይረሱን ሲያገኝ ቢሆን ኖሮ፣ ከየቱቦው የሚተርፉት ቁጥር በተቀራረበ ነበር። ውጤቱ ግን እጅግ የተራራቀ ሆነ፤ ከብዙዎቹ ቱቦዎች አንድም አልተረፈም፣ ከአንዳንዶቹ ጥቂት ተረፉ፣ ከአንዳንዶቹ ደግሞ መዓት። ይህ ሊሆን የሚችለው ለውጡ የገባው ቫይረሱ ከመምጣቱ በፊት፣ ባክቴሪያው ሲራባ፣ በአጋጣሚ ከሆነ ብቻ ነው። ቀድሞ የገባበት ቱቦ ውስጥ ዘሩ በዝቶ ይጠብቃል፤ ዘግይቶ የገባበት ውስጥ ጥቂት ነው፤ ያልገባበት ባዶ ይቀራል። በ1952 ደግሞ ኤስተርና ጆሹዋ ሌደርበርግ ባክቴሪያን በከፈይ ጨርቅ ከሳህን ወደ ሳህን እያተሙ፣ ስትሬፕቶማይሲንን የሚቋቋሙት ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን ፈጽሞ ሳያገኙ ቀድሞውንም እንደ ነበሩ አሳዩ። ለእኔ በዚህ መስክ ከተሠሩት ሙከራዎች ሁሉ እንዲህ ቀላልና እንዲህ ቁርጥ ያለ መልስ የሰጠ የለም።

ስለዚህ መድኃኒቱ ለዋጭ ሳይሆን መራጭ ነው። ወንፊት እንክርዳዱን አይፈጥረውም፤ ከዱቄቱ ይለየዋል እንጂ። መድኃኒቱም ደካሞቹን ያሳልፍና የሚቋቋሙትን ይዞ ይቀራል፤ ለብቻቸው የቀሩትም ምግቡንም ቦታውንም ወርሰው ይራባሉ። ከዚህ የሚከተለው ነገር ቀላል ቢመስልም ትልቅ ነው፦ ምርጫው የሚካሄደው መድኃኒቱ በደረሰበት ሁሉ እንጂ በታመመው አካል ብቻ አይደለም።

ዒላማን መለወጥ አንዱ መንገድ ነው። ሌላው መድኃኒቱን ራሱን መስበር ነው፤ ለኢ. ኮላይ ደግሞ ዋናው የጦር መሣሪያ ይኸኛው ነው። ፔኒሲሊን፣ አሞክሳሲሊንና ሴፍትሪያክሶን በመካከላቸው ቤታ ላክታም የሚባል ባለ አራት አቶም ቀለበት አላቸው። ቀለበቱ የተወጠረ ነው፤ ግድግዳ የሚሠራው ፕሮቲን ሲነካው ይከፈትና እዚያው ተጣብቆበት ፕሮቲኑን ከሥራ ውጭ ያደርገዋል። ባክቴሪያው ቤታ ላክታሜዝ የተባለ ኢንዛይም ካለው ግን ቀለበቱ ዒላማው ጋ ከመድረሱ በፊት በውኃ ሞለኪውል ይከፈታል። አንዴ የተከፈተ ቀለበት ከእንግዲህ ማንንም አይዝም፤ ኢንዛይሙ ግን ሳይነካ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ኤድዋርድ አብርሃምና ኧርነስት ቼን ይህን ዓይነት ኢንዛይም ከዚሁ ከአንጀት ባክቴሪያ አግኝተው ያሳወቁት በ1940 ነው። ፔኒሲሊን ገና ለሕዝብ አልተዳረሰም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የእልህ ነው። ኬሚስቶች ቀለበቱ በቀላሉ እንዳይከፈት የሚከላከል ቅጥያ ያላቸውን መድኃኒቶች ሠሩ፤ ሴፍትሪያክሶን ከእነዚህ አንዱ ነው። በ1983 ጀርመን ውስጥ እነዚህንም የሚሰብር ቤታ ላክታሜዝ ተገኘ። ሰፊ ክልል ያለው ቤታ ላክታሜዝ ይሉታል፤ በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ኢ.ኤስ.ቢ.ኤል. ተብሎ ይጻፋል፤ ይህን ምልክት ያዩ ሐኪም ሴፍትሪያክሶንን ወዲያው ይተዉታል። ዛሬ በዓለም በጣም የተስፋፋው የዚህ ኢንዛይም ቤተሰብ ሲ.ቲ.ኤክስ.-ኤም. ይባላል። የመጣውም ክሉዊቬራ ከሚባሉ፣ ሰውን እምብዛም ከማይነኩ ባክቴሪያዎች ነው። ኢ. ኮላይ ዘረ መሉን፣ ማለትም የኢንዛይሙ አሠራር የተጻፈበትን የዲ.ኤን.ኤ. ክፍል፣ ከእነሱ ወረሰው እንጂ አልፈጠረውም።

ከሌላ ባክቴሪያ መውረስ ይቻላል ወይ? ይቻላል፤ ነገሩን ከባድ ያደረገውም ይህ ነው። ባክቴሪያ ከዋናው ዲ.ኤን.ኤ. ሌላ ፕላዝሚድ የሚባሉ ትንንሽ ክብ የዲ.ኤን.ኤ. ቁራጮች ሊይዝ ይችላል። ሁለት ባክቴሪያዎች ሲገናኙ አንዱ በቀጭን ቱቦ መሰል አካል ሌላውን ይስባል፤ የፕላዝሚዱ ቅጂም ይተላለፋል። ሰጪው የራሱን አያጣም፤ ተቀባዩም ከዚያ ደቂቃ ጀምሮ ሰጪ መሆን ይችላል። በ1950ዎቹ የጃፓን ሐኪሞች ግራ የሚያጋባ ተቅማጥ ገጠማቸው። ተቅማጡን የሚያመጣው ሺጌላ የተባለው ባክቴሪያ አራት መድኃኒቶችን በአንድ ጊዜ ይቋቋም ነበር፦ ሰልፎናማይድን፣ ስትሬፕቶማይሲንን፣ ክሎራምፌኒኮልንና ቴትራሳይክሊንን። አራት የተለያዩ ሚውቴሽኖች በአንድ ባክቴሪያ ላይ፣ በአንድ በሽተኛ አካል ውስጥ፣ በቀናት መካከል መደራረባቸው የማይታመን ነበር። በ1959 ተመራማሪዎቹ መልሱን አገኙ፦ አራቱም ችሎታዎች በአንድነት ተጠቅልለው ከኢ. ኮላይ ወደ ሺጌላ፣ ከሺጌላም ወደ ኢ. ኮላይ ይሻገሩ ነበር።

ዛሬ በሽንት ባክቴሪያዎች ላይ የምናየውም ይኸው ጥቅል ነው። ሲ.ቲ.ኤክስ.-ኤም.ን የተሸከመ ፕላዝሚድ ብዙ ጊዜ ለኮትሪሞክሳዞል፣ ለቴትራሳይክሊንና ለጄንታማይሲን የሚሆኑ ዘረ መሎችንም አብሮ ይይዛል። ውጤቱን አስቡት። አንድ ሰው በሕይወቱ ሴፍትሪያክሶን ተወግቶ ባያውቅ፣ ኮትሪሞክሳዞል ሲወስድ ግን ለኮትሪሞክሳዞል የሚሆነው ዘረ መል ያለበት ፕላዝሚድ ይመረጣል፤ ሴፍትሪያክሶንን የሚሰብረውም ተከትሎ ይገባል። በአንዱ መድኃኒት ሌላውን መጉዳት ማለት ይህ ነው። ሌሎችም መንገዶች አሉ፤ ለምሳሌ መድኃኒቱን ሳይቆይ ወደ ውጭ የሚተፉ ፓምፖችን ማብዛት ወይም የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች ማጥበብ። ብቻቸውን እምብዛም አያስጨንቁም፤ ከላይ ካየናቸው ጋር ሲደመሩ ግን ይከብዳሉ።

አሁን ልብ ይበሉልኝ ወዳልኩት ነጥብ እንመለስ። ለጉሮሮ ሕመም የተዋጠ አሞክሳሲሊን ጉሮሮ ላይ ብቻ አይሠራም፤ አንጀት ውስጥ ያለውን ኢ. ኮላይም ያጣራዋል። የሚቋቋሙት ይቀራሉ፣ ይራባሉ፣ ፕላዝሚዳቸውንም ለጎረቤት ያድላሉ። ያ ሰው ከሳምንታት በኋላ የፊኛ ኢንፌክሽን ቢይዘው፣ ወደ ፊኛው የሚወጣው ከዚሁ ከተጣራው ሕዝብ መካከል ነው። በ2010 በብሪታኒያ የሕክምና መጽሔት የታተመ የብዙ ጥናቶች ግምገማ ይህንኑ አረጋግጧል፦ አንቲባዮቲክ የወሰደ ሰው መድኃኒት የሚቋቋም ባክቴሪያ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ከፍ ይላል፤ ልዩነቱ በመጀመሪያው ወር ይበረታል፣ እስከ 12 ወርም ሊቆይ ይችላል። በሌላ አነጋገር የፊኛው ሕክምና መሥራት አለመሥራቱ በከፊል የሚወሰነው ቀደም ብሎ፣ አንጀት ውስጥ ነው። «እኔ ለሽንት መድኃኒት ወስጄ አላውቅም፣ ታዲያ እንዴት ተቋቋመኝ?» ለሚል ሰው መልሱ እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ በምን ይታወቃል? በካልቸር ነው፤ ማለትም ባክቴሪያውን አራብቶ በመፈተን። ሥራውን ቀረብ ብለን እንየው። በሽተኛዋ መጀመሪያ የሚወርደውን ሽንት ትታ የመሃሉን በንጹሕ ዕቃ ትቀበላለች፤ የመጀመሪያው የቆዳውን ባክቴሪያ አጥቦ ስለሚመጣ ውጤቱን ያበላሻል። ሽንቱ በ2 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ ወይም ማቀዝቀዣ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ አለዚያ በየ20 ደቂቃው የሚከፈለው ባክቴሪያ ዕቃው ውስጥ በዝቶ የሌለ በሽታ ያሳያል። ባለሙያዋ የአንድ ሚሊ ሊትር አንድ ሺኛ በምትይዝ የቀለበት ሽቦ ከሽንቱ ጨልፋ በሳህን ላይ ባለው ምግብ ላይ ትቀባዋለች። በማግስቱ እያንዳንዱ ባክቴሪያ ተራብቶ በዓይን የሚታይ ነጥብ ይሆናል፤ ማኮንኪ በሚባለው ምግብ ላይ የኢ. ኮላይ ነጥቦች ሮዝ ይመስላሉ። 100 ነጥብ ከቆጠረች፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 100,000 ነበር ማለት ነው፤ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የተለመደው መለኪያም ይኸው ነው። ምልክቱ ግልጽ በሆነባት ሴት ላይ ግን ከዚያ ያነሰ ቁጥርም ዋጋ አለው።

ከዚያ ፍተሻው ይቀጥላል። ባክቴሪያው በአዲስ ሳህን ላይ እንደ ሣር መስክ ጥቅጥቅ ብሎ እንዲበቅል ይቀባና፣ መድኃኒት የጠጡ ትንንሽ የወረቀት ክቦች ይቀመጡበታል። መድኃኒቱ ከወረቀቱ ወደ ዙሪያው ይሰርጋል። በማግስቱ ባክቴሪያው በሞተበት በኩል በየወረቀቱ ዙሪያ ጥርት ያለ ክብ ይታያል፤ ባለሙያዋም የክቡን ስፋት በማስመሪያ ትለካለች። ለምሳሌ ለሲፕሮፍሎክሳሲን በብዙ ቦታ በሚሠራበት የአሜሪካ መመሪያ መሠረት፣ 26 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ መድኃኒቱ ይሠራል፤ 21 እና ከዚያ በታች ከሆነ አይሠራም፤ መካከሉ አጠራጣሪ ነው። ወረቀትዎ ላይ የሚያዩአቸው ኤስ፣ አይ እና አር የሚባሉት ፊደላት እነዚህ ሦስቱ ናቸው። ባክቴሪያውን ማራባትና መፈተን ሁለት ቀን ያህል ይወስዳል። ሐኪሙ እስከዚያ ዝም ብሎ ስለማይጠብቅ በግምት ይጀምራል፤ የግምቱ ጥራት ደግሞ በአካባቢው የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ ባለው መረጃ ላይ ይመሠረታል።

በኢትዮጵያ ችግሩ የሚብሰው እዚህ ላይ ነው። ካልቸር የሚሠሩት በአብዛኛው ትልልቅ ሆስፒታሎችና አንዳንድ የግል ላቦራቶሪዎች ናቸው፤ ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ የሚታከመው በተራ የሽንት ምርመራና በግምት ነው። ከሆስፒታሎች የወጡ ጥናቶች በተደጋጋሚ የሚያሳዩት፣ የሽንት ኢ. ኮላይ አምፒሲሊንንና ኮትሪሞክሳዞልን በብዛት እንደሚቋቋም ነው። በሕግ አንቲባዮቲክ የሚሸጠው በሐኪም ማዘዣ ብቻ ነው፤ በተግባር ግን «ለሽንት የሚሆን ሲፕሮ ስጠኝ» ብሎ ከመድኃኒት ቤት ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው ጥቂት ነው። ጥፋቱን ሁሉ በገዢው ላይ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል። ካልቸር በአቅራቢያው ያላገኘ፣ ወረፋውንም ዋጋውንም ያልቻለ ሰው ሕመሙን ይዞ ወደ መድኃኒት ቤት ቢሄድ አይደንቅም።

አንድ መልካም ነገር ደግሞ አለ። ናይትሮፉራንቶይን የተባለው መድኃኒት በጥቅም ላይ የዋለው በ1953 ነው፤ ከ70 ዓመት በኋላም አብዛኛውን የፊኛ ኢ. ኮላይ ይገድላል። ለምን እንዳልተሸነፈ ካየነው እስካሁን የተማርነውን ሁሉ ያሳየናል። ኢ. ኮላይ ውስጥ ሲገባ ተለውጦ ብዙ ዒላማዎችን በአንድ ጊዜ ስለሚመታ፣ አንድ ሚውቴሽን ብቻውን አያድንም። የሚቋቋሙት ዓይነቶች ደግሞ ቀስ ብለው የሚያድጉ በመሆናቸው በሌሎቹ ይበለጣሉ። ከሁሉ በላይ፣ የላይኛው አንጀት መጥጦት ኩላሊት በፍጥነት ወደ ሽንት ያወርደዋል፤ ስለዚህ ትልቁ አንጀት ውስጥ ያለውን የኢ. ኮላይ ሕዝብ ብዙም አያጣራም። ይኸው ባሕርዩ ገደቡም ነው። በደምና በኩላሊት ሥጋ ውስጥ በቂ መጠን ስለማይደርስ፣ ኢንፌክሽኑ ወደ ኩላሊት ከወጣ አይረዳም፤ ፕሮቲየስም በተፈጥሮው ይቋቋመዋል።

ከዚህ ሁሉ ሐኪሞች አሁን የሚያምኑባቸው ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። ምልክት በሌለበት ሰው ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ ስለተገኘ ብቻ፣ ነፍሰ ጡር ካልሆነች ወይም የሽንት ቧንቧ ቀዶ ሕክምና ካልተቃረበ በስተቀር፣ አንቲባዮቲክ አይሰጥም፤ መስጠቱ የሚያተርፈው አንጀትን ማጣራት ነው። ሁለተኛው፣ ረጅም ሕክምና የተሻለ ሕክምና አይደለም። ለተራ የፊኛ ኢንፌክሽን ናይትሮፉራንቶይን 5 ቀን፣ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ኮትሪሞክሳዞል 3 ቀን ይበቃል። የታዘዘልዎትን መጨረስ ተገቢ ነው፤ «ለማንኛውም» ብሎ ሳምንት መጨመር ግን ምርጫውን ማራዘም ነው።

ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጎን ሕመም ወይም ማስመለስ ከሽንት ማቃጠሉ ጋር ከመጣ፣ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ ወይም መድኃኒት ጀምረው በሁለትና ሦስት ቀን ካልተሻልዎት፣ በግምት መቀጠል አይገባም፤ ካልቸር ይጠይቁ፣ የሚቻል ከሆነም ሽንቱን አዲስ መድኃኒት ከመጀመርዎ በፊት ይስጡ። የካልቸር ውጤት ካለዎት ወረቀቱን አይጣሉት፤ የሚቀጥለው ሐኪም ከእሱ ብዙ ያነባል። ሐኪም ፊት ሲቀርቡም ስለ ሽንትዎ ብቻ አይናገሩ፤ ባለፉት ወራት ለሳልም ይሁን ለጥርስ ወይም ለቁስል የወሰዱትን አንቲባዮቲክ ሁሉ፣ ሳይጠየቁም ቢሆን፣ በስሙ ይንገሩት።